ዝናብ ያልዘለቀው ክምር

ልጅ እያለሁ በቤታችን ከአባቴ በቀር ወንድ አልነበረም። እናቴ፣ እኔ፣ ታናሽ እህቴ አበባ፣ ከዚያ ሁለቱ በሬዎች። «በሬዎቹ ተቆጥረው ነው የቤቴ ወንድ ሦስት የሚሞላው» እያለ አባቴ ይቀልድ ነበር። የምንኖረው ከቢቸና ገበያ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ብሎ፣ በክረምት እግር የሚይዝ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር መሬት ላይ ነው። መሬታችን ትንሽ ነበር። ጤፍ፣ ጥቂት ሽምብራ፣ ከጓሮ ጎመንና ቃሪያ፤ ዓመቱን የምንሻገረው በዚያ ነው።

ክረምቱ ወጥቶ የአደይ አበባው ሲጠወልግና ጤፉ ከአረንጓዴ ወደ ወርቅማ ሲዞር፣ ጠዋት ትምህርት ቤት እንውልና ከሰዓት ከአባቴ ጋር ማሳ እንወርድ ነበር። አባቴ በወጣትነቱ ጥቂት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቶ፣ አባቱ ሲሞቱ ለእርሻው የተመለሰ ሰው ነው። ትምህርቱን ቢያቋርጥም ማስተማሩ አልወጣለትም። የጤፍ ዛላ በመዳፉ አሽቶ እፍ ይልና ፍሬውን በጥርሳችን እንድንሰብረው ይሰጠናል፤ ቀጭ ካለ ደርሷል፣ ከለሰለሰ ገና ነው። ደመናም ያስነብበን ነበር። «በጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ጯሂ ነው፤ ጮሆ ያልፋል። ከዓባይ በረሃ ዝም ብሎ የሚወጣውን ግን ፍሩት» ይለን ነበር። ስንመለስ መንገድ ላይ ባቄላ እሸት ለብልበን እየበላን፣ አፋችን ዙሪያውን ጠቁሮ እናታችን ፊት እንቀርባለን። እሷም ትቆጣና ወዲያው «ለእኔስ?» ትላለች።

አሥራ ሁለት ዓመት የሞላኝበት የመኸር ወቅት ግን እንደ ሌላው አልነበረም። እናቴ ከባድ ነፍሰ ጡር ነበረች። ጤፉ ሊታጨድ ሲል ደግሞ አባቴ የውኃ እንስራ ተሸክሞ ማሳ ሲያቋርጥ፣ እግሩ የመሬት ስንጥቅ ውስጥ ገባና ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ ስንጥር አስሮ «አርባ ቀን መሬት እንዳትረግጥ» አለው። አባቴ ግድግዳውን እያየ ተኛ። 

ጎረቤት ደግ ነው፤ በሁለት ቀን ደቦ ጤፉን አጭደው ነዶውን ማሳው ላይ ጣል ጣል አድርገውልን ሄዱ። የቀረው ክምሩ ነበር። ክምር ግን እንደ አጨዳ ማንም አይገባበትም። በመንደራችን የታወቁት ከማሪ አያ ደመላሽ የሚባሉ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። ሰው ሁሉ እሳቸውን ይጠብቃል። እናቴ ልካኝ ሄጄ ለመንኳቸው።

«ልጄ፣ ሰባት ቤት ወረፋ ይዟል። ከእናንተ ቤት የምደርሰው ከሳምንት በኋላ ነው» አሉኝ።

የኅዳር ሚካኤል ካለፈ ጥቂት ቀን ሆኖታል፤ ጾሙ ገብቷል። በማግስቱ ጠዋት ደጅ ወጥቼ ሰማዩን ሳይ፣ በዓባይ በኩል ዝም ያለ፣ ጫፉ ያልተቆረጠ ግራጫ ደመና ተነሥቷል። ሮጬ ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት።

አባቴ ቀና አለ። «ይጮሃል?»

«አይጮህም።»

ትንሽ አሰበና «አህያዋን ጫኚ» አለኝ።

«ምን ልጫን?»

«እኔን።»

ጎጃም ውስጥ አንድ የቤት አባወራ በአህያ ተቀምጦ መንገድ ሲወጣ ምን ተብሎ እንደሚሳቅበት የአገሬ ሰው ያውቀዋል። አባቴ የታሰረ እግሩን ፊት ለፊት ዘርግቶ፣ አበባ ከፊት እየሳበች፣ እኔና እናቴ ከኋላ እየደገፍን ምንጩ ጋ ስንደርስ ሴቶቹ እንስራቸውን አስቀምጠው አዩን።

«ምነው፣ ሆሳዕና ደረሰ እንዴ?» አለች አንዷ።

«ደርሷል፤ ዘንባባችሁን ይዛችሁ ተከተሉ!» አላት አባቴ። ሳቁ እስከ ማሳው ድረስ ተከተለን። እሱም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

ማሳው ዳር ከቤት በያዝነው ዱካ ላይ አስቀመጥነው። መጀመሪያ ችካል አስተከለኝና በገመድ ዙሪያውን ክብ አሰመረኝ። መምህራችን በኮምፓስ ሰሌዳ ላይ የሚሠሩትን ክብ በእግሬ ዞሬ ስሠራው ደነቀኝ። ድንጋይ ደረደርን፣ በላዩ ቅርንጫፍ አነጠፍን፤ እርጥበትና ምስጥ ከታች እንዳይገባ ነው። ከዚያ አበባ ነዶ እየተሸከመች ታመጣለች፣ እናቴ ቁጭ ብላ የላላውን ታስራለች፣ እኔ ዛላውን ወደ ውስጥ፣ አገዳውን ወደ ውጭ እያደረግሁ እደረድራለሁ። የታጨደ ጤፍ ሽታ፣ ያ ደረቅ፣ ጣፋጭ፣ አፍንጫ የሚኮረኩር ሽታ፣ ፀጉሬ ውስጥ ገባ። ክንዴን አገዳው ቧጨረው። ቀትር ሳይሆን ክምሩ ደረቴ ደረሰ፤ ኮራሁ።

አባቴ ግን ዓይኑን አጥብቦ ሲያየው ቆየና «ላዩ ላይ ወጥተሽ መሐሉ ላይ ቁሚ» አለኝ። ወጣሁ። እስከ ጉልበቴ ሰመጥኩ።

«አፍርሺው።»

«አባዬ! ደመናው እኮ...»

«አየሁት። አፍርሺው።»

እናቴ «እባክህ፣ ልጅ ናት» ብላ ለመነችው። እሱ በጣቱ ክምሩን አሳየኝ። እኔ እያለቀስኩ፣ በልቤ እየረገምኩት፣ የደረደርኩትን ሁሉ እስከ ድንጋዩ አወረድኩት። ሳበቃ ጠራኝና አጠገቡ አስቀመጠኝ። ድምፁ ለስልሶ ነበር።

«ዳር ዳሩን አሳመርሽ፣ መሐሉን ባዶ አደረግሽው። መሐሉ ጎድጎድ ካለ አገዳው ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ዝናቡን ራሱ እየመራ ወደ ፍሬው ያስገባዋል። መሐሉ ከፍ ካለ ግን እያንዳንዱ ነዶ እንደ ቤት ክዳን ዝናቡን ወደ ውጭ ያወርደዋል። ክምርም ሰውም የሚያፈሰው ልቡ ሲጎድል ነው። መጀመሪያ ልቡን ሙዪው፤ ውበቱ ኋላ ይመጣል።»

እንባዬን ጠርጌ እንደገና ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ ከዳር ሳይሆን ከመሐል ነበር የጀመርኩት። አንድ ዙር በደረደርኩ ቁጥር መሐሉን ሁለት ጊዜ እሞላለሁ፣ እረግጣለሁ። አበባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እየተደናቀፈች፣ አንዳንዴም ከነዶው ጋር እየወደቀች አንዴም አላቆመችም። ነፋሱ ተነሣ። ወገቤ ላይ ሲደርስ ከአጥሩ የመጣ ግንድ ላይ ወጥቼ ደረደርኩ፤ ከራሴ በላይ ሲሆን እናቴ በመንሽ እየሰጠችኝ ክምሩ ላይ ሆኜ ጠበብ እያደረግሁ አሾልኩት። በመጨረሻ ረጅም ሣር ጫፉ ላይ አስሬ፣ በገመድ ወጥሬ፣ ተንሸራትቼ ወረድኩ።

አያ ደመላሽ ከሌላ ማሳ ሲመለሱ በዚያው አለፉ። ቆም ብለው ዙሪያውን ቃኙት። ክምሩ ትንሽ ጠመም ብሎ ነበር፤ እውነት ነው።

«ይኼ ክምር ነው ወይስ የዶሮ ቤት?» አሉ።

«እሱን ዝናቡ ይንገርዎ፣ አያ» አለ አባቴ።

ቤት ሳንደርስ ጣለ። ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ። የኅዳር ዝናብ፣ ማንም ያልፈለገው። እናቴ «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ትላለች። እኔ በር ላይ ተቀምጬ በሐሳቤ እያንዳንዱን ነዶ አንድ በአንድ እዳስሳለሁ፤ ይኼን በደንብ ረግጬዋለሁ? ያንንስ? አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሷል። ምን እንደሚያስብ ግን አውቃለሁ፤ ከዚያ ክምር ሌላ የምንበላው የለም።

በአራተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች። አባቴ አሁንም በአህያ፣ እኛም ከኋላው ሄድን። ከሩቅ ስናየው ክምሩ ጠቁሮ፣ ውኃ ጠጥቶ ቆሟል። 

«ከውጭ አትፍረጂ። እጅሽን አስገቢ» አለኝ አባቴ።

የላዩን እርጥብ አገዳ ገለጥ አድርጌ እጄን ከተትኩ። እስከ ክርኔ አስገባሁ። ከዚያ እስከ ትከሻዬ፣ ጉንጬ ክምሩ ላይ እስኪለጠፍ። ውስጡ ሞቃት ነበር። ደረቅ ነበር! አንድ እፍኝ ዛላ ጨብጬ አወጣሁና አንዷን ፍሬ በጥርሴ ሰበርኳት፤ ቀጭ አለች።

ጮህኩ። አበባ ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እናቴ ያንን ሆዷን ይዛ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ከሩቅ ማሳ የነበሩ ሰዎች ምን ደረሰ ብለው ሮጠው መጡ። አባቴ አህያዋ ላይ እንደተቀመጠ ነጠላውን ፊቱ ላይ አድርጎ ትከሻው ይነቃነቃል። እያለቀሰ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ከመጡት መሐል አያ ደመላሽ ነበሩ። ረጅም ክንዳቸውን ክምሩ ውስጥ ከተቱ። በአንድ በኩል አወጡ፣ በሌላ በኩል ከተቱ። መዳፋቸው ላይ ያለውን ዛላ አዩት። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ።

«እኔ ተቻኩዬ ከከመርኳቸው ሁለቱ ውኃ ገብቶባቸዋል። ነገ ፈርሰው እንደገና መከመር አለባቸው። አንተ ሰው፣ ይችን ልጅህን ታውሰኛለህ?»

«እሷን ይጠይቋት» አለ አባቴ።

አያ ደመላሽ ቆባቸውን አወለቁ። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ! «ትመጫለሽ ወይ፣ እመቤቴ?» አሉኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። እሳቸው ከታች፣ እኔ ከላይ፤ ወንዶቹ ነዶ ያቀብሉኛል። ምሳ ሲቀርብ እጅ የታጠብኩት ከሽማግሌዎቹ ጋር ነው፤ የሽሮው ትሪም መጀመሪያ ከፊቴ ተቀመጠ። ታኅሣሥ ላይ እናቴ ሦስተኛ ሴት ልጅ ወለደች። «አሁንም ሴት?» ብለው ከንፈራቸውን የመጠጡ ነበሩ። አባቴ በክራንች ደጅ ወጥቶ «ከማሪ ተወለደችልኝ!» ብሎ ጮኸ። ጤፉ ተወቅቶ ሲገባ ጎተራችን ሞልቶ ስልቻ ፍለጋ ወጣን።

ዛሬ ሞጣ ውስጥ መምህርት ነኝ። በየኅዳሩ እኔም እህቶቼም አባታችን ዘንድ እንሰበሰባለን። አሁን ክምሩን ላስቲክ ያለብሱታል፤ ስለ ዝናቡ ስልክ አስቀድሞ ይናገራል፤ የመውቂያው ማሽን መጥቶ የሳምንት ሥራ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ደግ ነው፤ ማንም ልጅ ሦስት ቀን በር ላይ ተቀምጦ አይሰቃይም። ግን ምሳ ሳይደርስ ሥራው ያልቅና እጃችንን የምናደርግበት እናጣለን። ያን ጊዜ አባቴ በትሩን ይዞ ይነሣል፣ እኛም እንከተለዋለን። አርጅቷል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። ሲቆም እንቆማለን፣ ሲናገር እንሰማለን። ድሮ የመኸር ቀን ቶሎ እንዲመሽልን እንለምን ነበር፤ ዛሬ ከእሱ ጋር ማሳውን እየዞርን፣ ፀሐይዋ ትንሽ እንድትዘገይልን እንለምናለን።