መዝገበ ቃላቱ የማይጽፈው

የጎጎ ኖምሳ የቀብር ፕሮግራም ታትሞ የመጣው ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። ሽጉጤ በሱቁ ፍርግርግ ተቀብሎ ሲያነበው አራተኛው ተራ ላይ የራሱን ስም አገኘና ላብ አጠመቀው። እሱ በስደት በሚኖርበት በጻካኔ ሰፈር ሰው ሲሞት ከቤተሰብ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከጎረቤት አንድ አንድ ሰው ቆሞ ይናገራል። ሰፈሩ ጎጎ፣ አያት፣ የሚላቸው አሮጊት የተናጋሪዎቹን ተራ በገዛ እጃቸው ጽፈው ነው የሞቱት። በጎረቤት ቦታ ያስገቡት ደግሞ ከሆሳዕና የመጣውን ባለ ስፓዛ ሱቅ፣ ጋራዣቸውን ተከራይቶ ስድስት ዓመት ዳቦና ሳሙና የሸጠውን ሰው ነው።

ወረቀቱን ያቀበለው የሟቿ የበኩር ልጅ ቬሊ ነበር። "እናቴ ስለፈለገች ነው" አለው ፊቱን ሳያዞርለት። "ቅዳሜ ሁለት ደቂቃ ትናገራለህ። ስለ ሱቁ ከቀብር በኋላ እነግርሃለሁ።"

ቤቱ ከእንግዲህ የቬሊ ነው። ሰፈሩ ውስጥ የውጭ ሰው ይውጣ ሲባል ድምፁ ቀድሞ የሚሰማው የማን እንደሆነ ሽጉጤ አሳምሮ ያውቃል። ሌላ ሱቅ የለውም፣ ሌላ የሚያውቀው ሰፈርም የለውም።

ቀትር ላይ አቢሶ መጣ። የአገሩ ልጅ ነው፤ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ይነግዳል። "ምን ያርበተብትሃል?" አለው። "ያን ቀን ፌሮ ይዞ የመጣው ማን ነው? ማይኩን ስትይዝ ንገራቸው። በዚያ ሁሉ ፓስተርና እናት ፊት ጉዱ ከወጣ፣ ላንድሎርድ ነኝ ብሎ ሊያስወጣህ አይደፍርም። ሱቅህ ተረፈ ማለት ነው።"

ያን ቀን ያለው ያለፈውን ዓመት ዝርፊያ ነው። ሰው በጠራራ ፀሐይ መንገዱን ሞልቶ ሱቅ በሱቅ ሲሰብር፣ አንዱ ፊቱን በሻርፕ ሸፍኖ ፌሮ ይዞ ጋራዡ ላይ ደረሰ። ጎጎ ኖምሳ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙና ተናግረው መለሱት። ሻርፑ ልጃቸውን ቬሊን አልደበቀባቸውም። ከፍርግርጉ ጀርባ የተደበቀው ሽጉጤም ለይቶታል። ቬሊም ሽጉጤ እንደለየው ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ሽጉጤ ለአቢሶ ብቻ ነው ትንፍሽ ያለው፤ እሱንም ሲጸጸትበት ኖሯል።

ሊናገር የሚችለውን ሲያስብ መዝገበ ቃላቱን አወጣ። ጀርባው የተገነጠለ፣ ጡብ የሚያህል አሮጌ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነው። ጎጎ ኖምሳ ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩና ገበያ ሲቀዘቅዝ ወንበራቸውን ሱቁ ደጅ አስጠግተው በእሱ ያስተምሩት ነበር። "ትርጉሙን ተወውና ምሳሌውን አንብብ" ይሉታል። "ማን እንዳለውም እይ።" መጽሐፉ አመሉ ነው፤ መዶሻን በአንድ መስመር አሰናብቶ ሰማይ ላይ ሲደርስ ዓምድ ተኩል ይፈስበታል። ገነት፣ መልአክ፣ ብፁዕ፣ ዘላለም፤ ከእያንዳንዱ ቃል ሥር አንድ ሰው የጻፈው ወይም የሰበከው ዓረፍተ ነገር ይሰፍርና የባለቤቱ ስም በአጭሩ ይታተማል።

ሽጉጤ ከእነዚያ ዓረፍተ ነገሮች ለመስረቅ ሁለት ቀን ታገለ። የወርቁ ደጅ ተከፈተ፣ መለከቱ ተነፋ፣ ክንፍ ተዘረጋ። ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ ከወንበር ለሚነሱት ሴትዮ ክንፍ ቢገጥምላቸው አልሆን አለው። እንዲያውም ቢሰሙት በሳቅ ይሞቱ ነበር። ዓርብ ከሰዓት ሁሉንም ቀደደና ቃላቱን ብቻ አስቀርቶ፣ ከሥራቸው እሳቸው ያሉትን ጻፈ። መጨረሻ ላይ የጻፈውን ቃል ግን ይበለው አይበለው ሳይወስን ነጋ።

ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ቬሊ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ሽጉጤ ተነሥቶ ማይኩን ያዘ።

"ሳኒቦናኒ" ብሎ በሰፈሩ ቋንቋ ሰላም አላቸው። "ዬቦ" አለ ድንኳኑ በግማሽ ልብ። ከኋላ አንዱ አጉረመረመ።

"መምህሬ መዝገበ ቃላት አስተምረውኛል" አለ በእንግሊዝኛ። "እኔም በዚያው መንገድ እናገራለሁ። ገነት፦ 'እሑድ ከሰዓት፣ ልጆቼ ሁሉ እቤት፣ ማንም ሳይጣላ።' ኖምሳ። መልአክ፦ 'የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ እንቅልፍ ሲወስደው።' ኖምሳ።"

ሳቅ ፈነዳ። ያስተማሯቸው ሁሉ የመምህርታቸውን ድምፅ ሰምተዋል። አንዲት እናት "አሜን፣ ራሷ ናት!" ብለው ጮኹ። ቬሊ ግን አልሳቀም። ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር እንደቀረ ከተቀመጠበት ያያል፤ ምን እንደሆነም የገባው ይመስላል። ከጎኑ እህቱ እጁን ይዛዋለች።

የአቢሶ ምክር ሽጉጤ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ስም መጥራት ብቻ ነው፣ አንድ ስም።

"መጠጊያ" አለ። "መጽሐፉ ይሄም በሰማይ ነው ይላል። 'ይህ በር የእኔ ነው። ከውስጥ ያለውም የእኔ ነው። እሱን ከመንካትህ በፊት እኔን ምታኝ።'" "ኖምሳ" ብሎ ማይኩን መለሰና ተቀመጠ። እናቶቹ መዝሙር አነሱ።

ከመቃብር የተመለሰ ሰው በሩ ላይ ካለው ሳፋ ሳይታጠብ ወደ ግቢ አይገባም። ሽጉጤ ጎንበስ እንዳለ ቬሊ መጥቶ እጁን እዚያው ውኃ ውስጥ ነከረ።

"ለማን እንዳለችው ለምን አልተናገርክም?"

"መዝገበ ቃላት የተናጋሪውን ስም ነው የሚጽፈው" አለ ሽጉጤ። "ለማን እንደተባለ አይጽፍም።"

"እኔ ግን ስሜን ሰማሁት።"

ሽጉጤ ሱቁ የተረፈ መሰለው፤ ምን ይደረግ፣ ተስፋ አደረገ።

"ብታጋልጠኝ ኖሮ እንጣላ ነበር። ይቀለኝ ነበር" አለ ቬሊ። "አሁን አንተን በመስኮቱ ባየሁ ቁጥር እሷን በሩ ላይ ቆማ ነው የማያት። አልችልም። እስከ ወሩ መጨረሻ ውጣልኝ።" ቀጥሎም "እባክህ" አለ።

የሽጉጤ ንዴት እስከ አናቱ ወጥቶ ነበር፣ ግን በማን ላይ ያውርደው? እሺ አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ የፈራው ሰው እጁን ከውኃው ሳያወጣ ፊቱ ቆሞ እያለቀሰ ነበር።