የበኩራት ደመወዝ

ነርስ ሆኜ ስመረቅ መነሻ ደመወዜን ከእኔ ቀድሞ ያወቀው የሰፈራችን ሰው ነው። ከአቀስታ ወዲያ ባለችው ብርዳም ቀበሌ፣ አባቴ በሚቀድሱባት ማርያም አጥር ሥር ሰዎቹ ተቀምጠው ቁጥሩን እየተቀባበሉ ሲያሳድጉት፣ እኔ ጆሮ ሲደርስ እጥፍ ሆኖ ነበር። እውነተኛውን ስነግራቸው አላመኑኝም። "የቄሱ ልጅ ገና ከአሁኑ መደበቅ ለመደች" አሉ።

ደመወዝ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ጡረታው ይቆረጣል፣ ግብሩ ይቆረጣል። የቀረውን የቤት ኪራይ፣ ላምባ፣ ሳሙናና ሽሮ ይካፈሉታል። ነጩን የሥራ ልብስና ነጩን ጫማ የምገዛው ራሴ ነኝ፤ ያ ጫማ ደግሞ የመካነ ሰላምን ጭቃ አንድ ክረምት አይችለውም። ያም ሆኖ ተማሪ ሳለሁ ደጋግሜ አስቤው ነበር፤ ኪራዬን ከፍዬ፣ ቆጥቤ በልቼ፣ በየወሩ አንድ ኩንታል እህል ለቤተሰቤ መላክ እችል ነበር። እንዲህ ያሰብሁት ግን በደህናው ዘመን የእህል ዋጋ ነው።

መካነ ሰላም የተመደብሁት የበልጉ ዝናብ በቀረበት ዓመት ነው። ከዚያ ደጋው ላይ የቀረችውን ገብስ ውርጭ መታት። ከደጎሎ በኩል የሚመጣው ስንዴ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ዋጋው ሌላ ነው። ከከላላ በኩል የመጡ ገበሬዎች በሬያቸውን እየጎተቱ ይመጡና ገዢ አጥተው፣ ወይም በጥቂት ቁና እህል ለውጠው ይመለሱ ነበር። ጤና ጣቢያው በር ላይ የሚሰለፈውም ሰው የታመመ አልነበረም፤ የተራበ ነው። የቫይታሚን ክኒን እንሰጣለን፤ ክኒኑን በምን እንደሚውጡት ይጠይቁናል። ለዚህ መልስ ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ራሴ ገና ደመወዝ አላየሁም። የምደባ ወረቀትሽ መንገድ ላይ ነው እየተባልሁ ወር በወር ላይ ይደረባል። የሚያኖሩኝ አከራዬ ነበሩ፤ ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የቀሩ እስላም ባልቴት ናቸው። ከሚበሉት እያካፈሉኝ፣ እኔ ባፍርም፣ "አብሽሪ ልጄ፣ ወላሂ የደመወዝተኛ እዳ አይጠፋም" እያሉ ያጽናኑኝ ነበር። ከደሴ የሚመጣው ሁሉ ደግሞ ወታደሩም አስተማሪውም ደመወዝ ይጨመርልን ብሎ ተነስቷል ይላል። አብሮኝ የሚሠራው፣ ቁስል የሚያሽገው አንጋፋ ድሬሰር በደስታ አይኑ እየበራ "ለእኛም መጨመሩ አይቀርም" አለኝ። "ያልሰጡኝን ምኑ ላይ ይጨምሩልኛል?" አልሁት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

እንዲህ እያለን አንድ የአቀስታ ነጋዴ የእናቴን መልእክት አመጣልኝ። መልእክቱ አጭር ነበር፤ "ታናሽሽ እግሯ አብጧል፤ ያለሽን ላኪ።" የራበው ሰው እግር ሲያብጥ ምን ማለት እንደሆነ በየቀኑ የማይ ሰው ነኝ። ታናሼ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። እህል ቶሎ ካልደረሰላት እንደማትተርፍ ለማወቅ ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ደመወዙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የታጎለው ሁሉ ባንድ ላይ። ለአከራዬ የነበረብኝን ከፈልሁ። ቀሪውን ይዤ ግን ቆም ብዬ አሰብሁ። ነርስ ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን አባቴ ማርያም ፊት ቆመው ተስለው ነበር፤ ልጄ ተመርቃ ደመወዝ ሲቆረጥላት በኩራቱ፣ የመጀመሪያው፣ ያንቺ ነው ብለው። ብሩን እንዳለ ብወስደው ለጧፍና ለዕጣን እንደሚውል አውቃለሁ። ስለዚህ ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ ሁሉንም ስንዴና ባቄላ ገዛሁበት። የተገዛው ስጠብቀው ከነበረው ግማሽ አይሞላም። በሁለት አህያ አስጭኜ፣ ፈቃድ ጠይቄ ወደ አቀስታ ወጣሁ።

አባቴን ደጃፍ ላይ ሳያቸው አላወቅኋቸውም ብል አልዋሸሁም። ጥምጥሙ ከራሳቸው በልጦ ነበር። ጆንያውን ዳብሰው አለቀሱ። እናቴ ለመነሳት እንኳ ግድግዳ ይዛ ነው። እህቴ መደቡ ላይ ተኝታ ፊቷ ተነፍቶ አየችኝ። ቆዳዋን በጣቴ ጫን አደረግሁት፤ ጎድጉዶ ቀረ።

"የመጀመሪያ ደመወዝሽ ነው?" አሉኝ አባቴ።

"አዎ አባ። ግን የብዙ ወር ነው። የአንዱን ወር ያህል አንቱ ለማርያም ውሰዱ፤ ሌላው የቤት ነው።"

"እጅሽ የገባው ስንት ጊዜ ነው?"

"አንድ ጊዜ።"

"እንግዲህ በኩራቱ እሱ ነዋ" አሉ፤ ድምፃቸው እንኳ አልጨከነም። "ደግሞ ብር ሳይሆን እህል አርገሽ አመጣሽው። በኩራት ማለት ድሮም እህል ነው። እመቤቴ ናት ይህን ልብ የሰጠችሽ። ደጇ ላይ ስንት የተራበ ወድቋል፤ ንፍሮ ይቀቀልለታል።"

"አባ፣ ይቺ ልጅ እየሞተች ነው!"

"ታዲያ የእመቤቴን ቀምቼ ላብላት? ስለት የበላ ቤት ምን እንዳገኘው አላየሽም? ከዚህ እህል የኛ ቤት አንዲት ፍሬ አይቀምስም።"

ጮህሁ። የተማርሁትን ሁሉ አወራሁ። አንቱ ማርያምን ሳይሆን የሰውን አፍ ነው የምትፈሩት እስከ ማለት ደረስሁ። እሳቸው ሰምተውኝ ሲጨርሱ ዲያቆናቱን ጠርተው ጆንያውን አሸክመው ሄዱ። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ጆንያው ሲወጣ አየች። ያን ቀን አባቴን ጠላኋቸው። እሳቸውም የሚበሉት እንዳልነበራቸው እያየሁ ነው የጠላኋቸው።

ቤት ውስጥ የቀረ ነገር ፈለግሁ። አንድ እፍኝ የተልባ ዱቄት አገኘሁና ለእህቴ በጥብጬ አጠጣኋት። ጎረቤት እንዳልበደር፣ የጎረቤቶቻችን በር ሁሉ በእሾህ ተዘግቷል፤ ሰዎቹ ወደ ደሴ መንገድ ወጥተዋል።

በማግስቱ ንፍሮው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በትልልቅ ድስት ተቀቀለ። አባቴ መስቀላቸውን ይዘው መጡና "ያንቺ በኩራት ነው፣ በእጅሽ አድይ" አሉኝ። እምቢ ልል ነበር። ግን ሰልፉን አየሁት። ከደጀ ሰላሙ እስከ ታች መቃብሩ ድረስ ሰው ተቀምጧል፤ ብዙዎቹ ቆመው መጠበቅ አይችሉም። እነሱም የሰው ልጆች ናቸው። ጽዋ አንስቼ መስፈር ጀመርሁ። ለአንድ ሰው አንድ ጽዋ። አንድ ሽማግሌ ሁለተኛ ለመኑኝ፤ ከኋላቸው ያሉት አጉረመረሙ፤ አልሰጠኋቸውም።

ከሰልፉ መካከል አንዲት ሴት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ አጎንብሳ ደረሰች። የቄስ ሚስት ለምጽዋት አትሰለፍም። ስለት ያስገባ ቤትም ከስለቱ አይቀምስም። ግን እግሮቿን አወቅኋቸው።

ቀና ብዬ አባቴን አየሁ። እሳቸውም አውቀዋታል። መስቀሉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ፊታቸውን ወደ መቅደሱ አዞሩ፤ እስክታልፍ ድረስም አልመለሱትም።

ሰውነቱ ላበጠ ልጅ ንፍሮ እንደማይሰጥ፣ አጥሚት፣ ወተት፣ ቀስ እያለ እንደሚሰጥ ተምሬአለሁ፤ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት ነው ያለፍሁት። ጽዋውን ሞልቼ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ገለበጥሁላት። ሁለተኛ ልጨምር እጄ ወደ ድስቱ ሄደ፤ ከኋላዋ ያሉት አይኖች ሁሉ እጄ ላይ ነበሩ። ባዶውን መለስሁት።

እናቴ ጫፉን ቋጠረች። ድምፅዋን ለውጣ፣ ሌሎቹ እንደሚሉኝ፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ" ብላኝ አለፈች።