አጥንት የሌለው ኮባ

ቢሯችን ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ሊፍቱ መሥራት ካቆመ በቆየ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሦስት መሐንዲሶችና አንዲት ዲዛይነር፣ ማለትም እኔ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ታክሲ ለሚጠብቁ ሰዎች የዝናብ መጠለያ እንሠራለን። ጣሪያው የኮባ ቅጠል እንዲመስል ተወሰነ፤ ኮባ ዝናቡን ሰብስቦ ወደ ግንዱ ያወርዳልና።

ይህ በተወሰነ ማግስት አለቃችን፣ ጠና ያሉ መሐንዲስ፣ ጠሩኝ።

"ቅጠሉን እግዜር ራሱ ዲዛይን አድርጎ ጨርሶታል። አንቺ ምን ትጨምሪበታለሽ? ቀለም ላይ ስንደርስ እንጠራሻለን።"

የመጠለያው ሞዴል ከተሞከረ በኋላ ውሌ እንደማይታደስም አከሉልኝ። በገንኩ። ቀለም ቀቢ ነኝ እንዴ?

መሐንዲሶቹ ከገበያ ኮባ ገዝተው ትልቁ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጉ፤ ለኩ፣ ፎቶ አነሱ፣ አሰሉ። እኔ አንዴ አይቼ ገባኝ። እናቴ ድፎ ዳቦ ስትጋግር ኮባውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ለዳቦ የሚሸጥ ኮባ እንዲታጠፍ ተብሎ የመሃል አጥንቱ ይወጣል፤ ቅጠሉን ደግፎ የሚይዘውም፣ ውሃውን የሚያወርደውም ያ አጥንት ነው። መሐንዲሶቼ ድፎ በልተው እንጂ ጠቅልለው አያውቁም።

"ጋሼ፣ ይሄ ቅጠል የጎደለው ነገር አለ" አልኳቸው።

"ቀለም ይሆናላ" አሉ፤ ሁሉም ሳቁ። እኔም አፌን ዘጋሁ።

የሙከራው ቀን ሞዴሉ ግቢ ውስጥ ተተከለ። "የመጀመሪያው ተሳፋሪ እርስዎ ይሁኑ እንጂ" ብዬ አለቃችንን በትሕትና ከሥሩ አቆምኳቸውና የውሃውን ጎማ ለቀቅኩት። ውሃው መሃል ላይ ተጠራቀመ፣ ጣሪያው እጥፍ አለ፣ ውሃው ሁሉ በእሳቸው ሙሉ ልብስ ላይ ወረደ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ፒያሳ ወዳለው ቤታችን ወስጄ ጓሮ የቆመውን ኮባ አሳየኋቸው። አጥንቱን በጣታቸው እየተከተሉ ቆዩ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ቀለም ላይ አልደረስንማ።"

ውሃው ከኮታቸው እየተንጠባጠበ ሳቁ። "ሰኞ ወንበርሽን ወደ ትልቁ ጠረጴዛ አምጪ" አሉኝ።

እሳቸውን ሸኝቼ፣ አሸነፍኩ ብዬ ስመለስ እናቴ ከበር ቆማ ነበር። "ያ የምትሠሩት መጠለያ መቼ ነው የሚደርሰው?" አለችኝ። "እኔ እኮ በየቀኑ እዚያ ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ ዝናብ ይመታኛል።"

ስለ አጥንቱ ዝም ብዬ ሥራውን ሳዘገይ እሷን አላሰብኳትም ነበር።