በረዶ ይሉኝታ አያውቅም

አጎቴን ጋሼን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ቁጣቸው ነው።

የነዳጅ ዋጋ ወድቆ እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ሥራ ሲጠፋ፣ እኔና ወንድሜ ፉትሂልስ በሚባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር ከምንሠራበት መጋዘን ሌይኦፍ ሆንን፣ ከሥራ ተቀነስን። ጋሼ “ቤት ተቀምጣችሁ አትብሰልሰሉ” ብለው፣ እህታችንን ጨምረው በየቅዳሜው በመኪናቸው ወደ ተራራ ይወስዱን ጀመር።

በረዶው መቅለጥ የሚጀምርበት፣ የበረዶ ናዳ የሚፈራበት ወቅት ነበር። ተዳፋቱ ጋ ስንደርስ እኛ እንደ አስተዳደጋችን “ይቅደሙ ጋሼ” እያልን እንገተራለን።

“እዚህ መግደርደር የለም!” ይላሉ ተቆጥተው። “በረዶ ይሉኝታ አያውቅም። አንድ በአንድ፣ ቶሎ!”

አንዱ ተሻግሮ ሳይጨርስ ሌላው አይነሳም። እሳቸው ከሁላችን ኋላ ቀርተው ከላይ ያለውን በረዶ ይጠብቁልናል። እኛም ማዶ ዛፎቹ ጋ ቆመን እሳቸውን እንጠብቃለን።

ጋሼ ካረፉ ወዲህ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሦስታችን ሄድን። ማንም ሳይግደረደር አንድ በአንድ ተሻገርን። ከዚያ ዛፎቹ ጋ ወደ ተዳፋቱ ዞረን ቆምን። ፀሐይዋ እየጠነከረች ነው፤ ከቅርንጫፎቹ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ቶሎ መውረድ እንዳለብን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን ጋሼ ኋላ ቀርተው ይቆሙበት የነበረውን ቦታ አያለሁ።

“ሁላችንም ተሻግረናል እኮ” አለች እህቴ በመጨረሻ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።