ኖልቤርቶ እግሩን ያላነሣበት ሜዳ

ኖልቤርቶ አስቱዲዮ ቺሊ ውስጥ፣ ወደ መዳብ ማውጫው በሚወስደው የተራራ መንገድ ላይ ሃያ ሁለት ክረምት በረዶ ሲጠብቅ ኖሯል። ሥራው ማለዳ ማለዳ በአካፋ ጉድጓድ ቆፍሮ የበረዶውን ድርብርብ ማየት፣ ከዚያም መንገዱ ይከፈት ወይም ይዘጋ ማለት ነበር። ሚስቱ ኦርፊሊያ፣ «ከኔ ይልቅ ለበረዶው ነው አፉ የሚፈታው» እያለች ታማዋለች።

ሌላው ሰው የሚፈራው የክረምቱን አጋማሽ ነው፤ እሱ ግን መግቢያውን ይፈራል። በዚያ ዓመት የመጀመሪያው በረዶ ስስ ሆኖ ወረደና ሦስት ሳምንት ሰማዩ ጠርቶ፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ከረመ። ስሱ በረዶ ከሥሩ በሰበሰ፤ እንደ ሻካራ ስኳር፣ ሲዘግኑት በጣት መሀል የሚፈስ፣ እርስ በርሱ የማይያያዝ ሆነ። በላዩ ደግሞ ነፋስ የጠቀጠቀው ከባድ በረዶ ተጫነበት።

አበልጁ ባውዲሊዮ፣ በቅሎ ነጂው፣ ላይኛው ግጦሽ የቀሩ አምስት በቅሎዎቹን ሊያመጣ ተነሣ።

«ዛሬ አትሂድ፣ አበልጄ።»

«የሣሩ ጫፍ እንኳ አልተሸፈነም እኮ! ይሄም በረዶ ሆኖ?»

«ሣሩን ተወው። የሚያስፈራው ከሥር ያለው ነው።»

«አንተስ ከበረዶ ጋር ስትኖር ልብህም ቀዘቀዘ» ብሎ ስቆበት ሄደ።

ረፋዱ ላይ ኖልቤርቶ አላስችል አለውና ተከተለው። ከትልቁ ተዳፋት ፊት ለፊት ያለው ሜዳ መሀል ሲደርስ፣ በረዶው ከእግሩ ሥር «ኡፍ» አለ፤ አንድ ሰው ብዙ ዘመን አፍኖት የቆየውን ትንፋሽ እንደሚለቅ። የቆመበት በረዶ ጣት ያህል ሰመጠ። ከጫማው ጫፍ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወደ ተዳፋቱ ሮጠና ቆመ።

ኖልቤርቶ ገባው። ያ የበሰበሰ ድርብ ከሜዳው እስከ ተዳፋቱ አናት እንደ አንድ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ እዚህ ቢረግጡት እዚያ ይናዳል። በዚያችው ቅጽበት ባውዲሊዮ በቅሎዎቹን እየነዳ፣ እያፏጨ፣ ከተዳፋቱ ግርጌ ብቅ አለ።

«ምነው ተገተርክ? ና አግዘኝ እንጂ!»

መልስ ቢሰጠው ለወሬ ይቆማል። ስለዚህ አፉን ዘግቶ፣ በእጁ ብቻ «እለፍ፣ እለፍ» አለው። መሪዋ በቅሎ ቀጥ ብላ ጆሮዋን ወደ በረዶው ቀሰረች። ባውዲሊዮ ያንን ሲያይ ፉጨቱ አፉ ላይ ደረቀ፤ ጀርባዋን በአለንጋ ሾጥ አደረጋት።

ኖልቤርቶ እንደ ግንድ ቆሞ ቀረ። የእግር ጣቶቹ ደነዘዙ፤ ከእነሱ ሥር ግን አንድ ነገር ቀስ እያለ ሲንሿሿ ይሰማው ነበር።

አምስቱም በቅሎዎች ድንጋያማው ጉብታ ላይ ወጡ።

«ሁሉም አለፉ?» ሲል ኖልቤርቶ ጮኸ።

«አለፉ! ምን ሆነሃል አንተ ሰው?»

ኖልቤርቶ አንድ እግሩን አነሣና ረገጠ። «ኡፍ።» ስንጥቁ ሜዳውን አቋርጦ ተዳፋቱን ሽቅብ ወጣ፤ አናቱ ላይ ጥቁር መስመር ተሰመረ። ተራራው ለአፍታ ድምፅ ሳያሰማ ተንቀሳቀሰ፤ ጉምጉምታው የመጣው ኋላ ነው። ነጩ አቧራ ሲገለጥ፣ ባውዲሊዮ የመጣበት መንገድ በሁለት ሰው ቁመት በረዶ ሥር ተቀብሯል፤ ናዳው ኖልቤርቶ ጋ ሳይደርስ ቆሟል።

ባውዲሊዮ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

መንገዱ አሥራ አንድ ቀን ተዘጋ። ኖልቤርቶም ሥራውን አልተወም። ብቻ ያን ክረምት ሙሉ፣ ኦርፊሊያ በጣውላው ወለል ላይ ስትራመድ፣ ወደ አፉ የሚወስደውን ማንኪያ ግማሽ መንገድ ላይ አቁሞ እስክትቀመጥ ይጠብቃት ነበር።