ለጀማሪ የሚሆን ብረት

ፋዲላ መጀመሪያ ያየችው ጓንቱን ነው። አዛውንቱ በአዳማ ሙቀት፣ ያውም በግራ እጃቸው ብቻ፣ ነጭ የቆዳ ጓንት አጥልቀዋል።

«ጋሼ፣ የቀኙን ማን ወሰደብዎት?» አለቻቸው ከምትሸጠው ልባሽ ዕቃ መሐል ሆና።

«ለጎልፍ የሚጠለቀው አንዱ ብቻ ነው፣ ልጄ።»

በባልዲ የቆሙትን የጎልፍ ብረቶች እያወጡ ኳስ የሚመታውን ጫፋቸውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ፋዲላ እነዚህን የምትሸጠው ለጥበቃዎች ውሻ ማባረሪያ፣ ለሽማግሌዎች ደግሞ ምርኩዝ እንዲሆኑ ነው። እሳቸው ግን ጫፉ ስስ የሆነውን እንደ ሕፃን ታቀፉት።

«ይሄ የጎበዝ ነው፤ ትንሽ ከሳትሽ አይምርሽም። አዲስ አበባ ጎልፍ ሳስተምር የምጫወተው በዚህ ነበር።»

በኳስ ፈንታ መሬት ላይ ቆርኪ አስቀመጡ። የግራ ጣቶቻቸውን በቀኝ እጃቸው እያጠፉ እጀታው ላይ ጠቀለሏቸው። በግራቸው ብቻ ሲወዘውዙት ጣቶቹ ተከፈቱና ብረቱ አፈሩ ላይ ወደቀ። ቆርኪው ካለበት አልተነቃነቀም።

«ደም ግፊት ነው የጣላት» አሉ እጃቸውን እያዩ፣ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስል። «ትመለሳለች ብዬ ስጠብቃት ከረምኩ።»

ጫፉ ሰፋ ያለውን አነሱ። «ይሄ ለጀማሪ ነው። ብትስቺም ይምርሻል።»

እሱም ወደቀ።

«ከዚህ የሚቀል አለሽ?»

«የለኝም፣ ጋሼ።» ፋዲላ የወደቀውን አንስታ ገልብጣ አቀበለቻቸው። «ለምርኩዝ ይያዙት፤ የኔ ስጦታ ነው።»

ብረቱን ተቀበሏት። «ተባረኪ» አሉ። ጫፉን በቀኝ መዳፋቸው ጨብጠው፣ ጓንቱን ሳያወልቁ፣ እጀታውን ኮብልስቶኑ ላይ እየተከሉ ወደ ባጃጆቹ ሄዱ።