ላይኛው ድንች

ወንድሜ ቤት ምሳ በቀረበ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ የሚኖረው እዚያ ነው። የሩዙ ትሪ መሐል ይቀመጣል፤ ከሥጋው ትልቁ፣ አጥንት ያለበት ቁራጭ ተመርጦ አባቴ ፊት ይደረጋል። በእኛ ቤት ሽማግሌ የሚከበረው እንዲህ ነው። አባቴ ቢስሚላህ ብሎ ሥጋውን ያገላብጣል፣ ከሩዙ ትንሽ ይቀማምሳል፣ ከዚያ ጠገብኩ ብሎ እጁን ሊታጠብ ይነሣል። ሥጋው እንዳለ ይመለሳል። በጣም ከመክሳቱ የተነሣ ሱሪው በቀበቶ ሳይሆን በዱዓ ነበር የሚቆመው።

ሁሉም አንድ መልስ ነበራቸው። አክስቴ ሐዘን ነው ትላለች፣ የወንድሜ ሚስትም ሐዘን ነው ትላለች። ቤቱ በሐኪም የተሞላ ነበር።

"አቦ ተይው" አለኝ ወንድሜ አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ ወደ ጫቱ ሊሄድ እየተነሣ። "ዕድሜውን ሙሉ አብሯት የኖረ ሰው ነው። ልቡ ሲረጋ ይበላል።"

"ልቡ እስኪረጋ እሱ ያልቃላ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ምርጡን ሥጋ ለእሱ ነው የምሰጠው፣ ወላሂ።"

እውነቱን ነበር። ያ ደግሞ የባሰ አናደደኝ፤ የምጣላበት ቀዳዳ እንኳ አልሰጠኝም።

በሚቀጥለው ዓርብ የእናቴን ትሪ ልሠራ ወሰንኩ። ከሥር የበሬ ሥጋ፣ ከላይ ድንች። በጠዋት ቀፊራ ገበያ ወርጄ ከድንች ሻጯ ጋር በሦስት ቋንቋ ተጣላሁ፤ የበቀለውን ከሥር ደብቃ ልትመዝንልኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሽንኩርቱን ስከትፍ ንዴቴ አልበረደም። ሥጋውን በሽንኩርትና በቲማቲም፣ በከሙንና በቁንዶ በርበሬ ጥጄ፣ በማንኪያ ሲነካ እስኪፈርስ ድረስ በቀስታ አበሰልኩት። ድንቹን በስሱ ቆራርጬ በላዩ ደረደርኩና ቅቤ ቀባሁት።

እናቴ ላዩ ሲመታ ቋ ካላለ አታቀርበውም ነበር። ሲቀርብም በአባቴ በኩል ያለውን ደረቅ ድንች በማንኪያዋ ሙልጭ አድርጋ ወደ ራሷ ትገፋዋለች። እኛ ልጆቿ በእንግዳ ፊት ሳይቀር ስስታም እያልን እንስቅባት ነበር። "ደረቁን ስለምወድ ነዋ" ትለናለች፣ ሳታፍር።

ኦቭን የለኝም። እንደ እናቴ ትሪውን ይዤ ወደ ሰፈራችን ዳቦ ቤት ሄድኩ። ጋጋሪው ዳቦውን አውጥቶ ለጁምዓ ሊዘጋ ይቸኩላል። ትሪውን አስገብቶ ብዙም ሳይቆይ ሊያወጣው እጁን ዘረጋ።

"ቀልቷል እኮ።"

"አልቀላም። መልሰው።"

"እናትሽም እንዲሁ ታስቸግረኝ ነበር" አለና መለሰው። ምድጃው አጠገብ ላቤ እስኪንጠባጠብ ቆሜ ጠበቅኩት።

ባጃጅ ውስጥ ትሪውን በታጠፈ ጆንያ ላይ አድርጌ ጭኔ ላይ ያዝኩት። ሹፌሩ ዓይን እንዳይበላው ክደኚው ብሎ መከረኝ። ከከደንኩት በእንፋሎቱ ይረጥባል አልኩት፤ መንገዱን እያየ እንዲነዳም ነገርኩት።

ወንድሜ ቤት ሁሉም ከበቡ። የወንድሜ ሚስት እንደ ልማዷ ለአባቴ ምርጡን ፈለገች፤ ጥግ ላይ በደንብ የደረቀውን ቆርጣ ፊቱ አደረገችለት። አባቴ በማንኪያው ጀርባ መታው። ቋ አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ ሲል አየሁት። ቆርሶ አፉ ውስጥ ከተተ፤ ግን አላኘከም። ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዟዟረው፣ ከዚያ የሚስል መስሎ መዳፉ ላይ ተፋው።

እኔ ብቻ ነበርኩ ያየሁት። ቀጥሎ በማንኪያው ላይኛውን ድንች ገፈፈና ከጎኑ፣ እናቴ ትቀመጥበት ወደነበረው በኩል ገፋው። ከሥር ያለውን የፈረሰ ሥጋ በላ። ደጋግሞ በላ።

"አባባ፣ አፍህን ክፈት" አልኩት።

"አቦ ተይኝ፣ ልብላበት።"

"ክፈት።"

ከፈተ። ከፊት ጥቂት ጥርሶች ቀርተዋል፤ መንጋጋ የሚባል የለውም።

"እናቴ ታውቅ ነበር?"

ወደ ጎን በተገፋው ድንች ላይ ማንኪያውን ቀሰረ። "ማን ይበላልኝ ነበር ታዲያ? ለእናንተ ብላ ታስደርቀዋለች፣ የእኔን ደግሞ ሰው ሳያይብኝ ታነሣልኛለች። እሷ እንኳ ደረቅ ድንች አትወድም ነበር።"

"ለምን አልነገርከንም?" አለ ወንድሜ።

"ሩዙን ብቻ ብበላ ትነቁብኛላችሁ። ያከበራችሁኝን ሥጋ ደግሞ በምን አፌ ልመልሰው?"

በየቀኑ አጥንት እየደረደረ አባቱን በክብር ባስራበው ወንድሜ፣ ሐዘን ነው ባለችው አክስቴ፣ ከማፈር መክሳት በመረጠው አባቴ ተናደድኩ። ከሁሉ በላይ በእናቴ ተናደድኩ። ሞቷ እንደሆን ድንገተኛ አልነበረም፤ ቢያንስ ለእኔ ሹክ ብላ ብትሄድ ምን ነበረበት?

አባቴ የገፋውን ድንች ሁሉ ወደ እኔ ሳብኩና መብላት ጀመርኩ። እንባዬ እየመጣ፣ መንጋጋዬ እስኪያመኝ ቆረጣጠምኩት። አባቴ ከሥር ያለውን መብላቱን ቀጠለ። ማንም ስስታም አላለኝም።